የመስኮት አጽጂው ተያዥ

እሁድ ለልጄ ሽማግሌ ሊመጣ፣ ሐሙስ ዕለት የቤቴን መስኮት ቀና ብዬ አየሁና አፈርኩ። ካዛንቺስ ፈርሶ እየተሠራ ስለሆነ አቧራው ስታዲየም ጀርባ ያለው አፓርታማችን ድረስ ይመጣል። የውስጡን እኔ እወለውለዋለሁ፤ የውጭው ግን፣ በዚህ ሁሉ ፎቅ ላይ፣ የባለሙያ ሥራ ነው። ልጄን የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ደግሞ ደህና ሰዎች ናቸው ተብሏል። ደህና ማለት እኛ ዘንድ ሀብታም ማለት ነው።

የሕንፃችን ጥበቃ የቢሮ መስኮት የሚያጸዳ ሰው አመጣልኝ። ባልዲውንና ገመዱን የያዘ፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ፊቱ ላይ የሚያስጠረጥር ነገር የለም። እኔ ግን ሰው መጠርጠር ለምዶብኛል፤ ትልቁ መስኮት ያለው መኝታ ቤት ነው፣ የልጄ ወርቅም ያለው እዚያው ነው።

«ተያዥ አለህ?» አልኩት።

«ለአንድ ቀን ሥራ?»

«ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። በቃ፣ ያለ ተያዥ ሰው ቤቴ አላስገባም።»

ለቤት ሠራተኛ ተያዥ መጠየቅ ያለ ነው። ለመስኮት አጽጂ ሲጠየቅ ግን እኔም ሰምቼ አላውቅም። ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ጎረቤቴ አንዲት እናት አሉ፣ ነገ ይዣቸው እመጣለሁ» አለኝ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ በሩን ስከፍት ከሰውዬው ጎን፣ ደረጃው አድክሟቸው ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት የድሮ ጎረቤቴ ነበሩ።

ካዛንቺስ አንድ ግቢ ስንኖር ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር። እኔ ሥራ ስውል ልጄን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸው ከተማው ዳር ቤት ደረሳቸው፣ እኔ እዚህ ተከራየሁ። እመጣለሁ እንዳልኩ ቀረሁ። ለእሁድም አልጠራኋቸውም። ረስቼ ቢሆን ይሻል ነበር። አንዴ ጨዋታ ከጀመሩ ስለማያቆሙ፣ ለሽማግሌዎቹ የጋራ ሽንት ቤታችንን ወረፋ እንዳያወሩብኝ ፈርቼ ነው።

«ተያዥ አምጣ ያልሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ እየሳቁ።

«እትዬ! ይግቡ እንጂ!» አልኩና አገላብጬ ሳምኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ለራሴም አስጠላኝ።

ሰውዬው ወደ መኝታ ቤት ገብቶ ሥራውን ጀመረ። ልከተለው ይገባ ነበር፤ ወርቁ ትዝም አላለኝ። እሳቸው አዲሱን መጋረጃ፣ በሰልፍ የተደረደሩትን የውሰት ወንበሮች፣ ጥግ ያለውን የለስላሳ ሣጥን ተራ በተራ ያያሉ።

«ምን ዝግጅት አለ?»

«ኧረ ምንም… ማለቴ፣ እንዲሁ ቤቱን ላሰማምረው ብዬ ነው።»

ስለ ሰውዬው ማውራት ጀመሩ፤ ሲያማቸው የቤታቸውን ቁልፍ የሚሰጡት ለእሱ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ልጄ ከክፍሏ እንዳትወጣ እየጸለይኩ ነበር።

ወጣች።

«እማማ! ለሽማግሌው ቀን ነው የመጣሽው? እማዬ ‹ነግሬያቸዋለሁ› ስትለኝ አላመንኳትም ነበር እኮ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለልጄም ዋሽቻት ነበር፤ አሁን ሁለቱም ውሸቶቼ ሳሎን መሃል ተገናኙ። እሳቸው አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ያየሁት መከፋት ነው።

ከዚያ የልጄን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ነግራኛለች እንጂ። ሽማግሌ የሚገባበት ቤት መስኮቱ እንዲህ ሆኖ ይቅር? ብዬ ነው ሰው ይዤ የመጣሁት።»

ልጄ ዞራ አቀፈችኝ። «አመሰግናለሁ እማዬ» አለችኝ።

«ስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?» አሉ እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«እሁድ፣ አራት ሰዓት» አልኩ፣ ፊታቸውን ሳላይ።