ቅል ውስጥ የቀረው የሜላት እጅ

ነገሩ የደረሰብኝ አምና በማንጎ ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ልጄ እጇን ጠባብ ነገር ውስጥ ስታስገባ ባየሁ ቁጥር ዘልዬ እነሳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። እንዲህ ፈርቼ እንዲህ የሳቅኩበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አሶሳ የመጣሁት በሥራ ምክንያት ነው። ባለቤቴ ጉባ ነው የሚሠራው፣ ቤት የሚመጣውም እረፍት ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ያለፋት ልጃችን ሜላት ነን። ሜላት ደግሞ ቁጭ በይ ቢሏት የምትቀመጥ ልጅ አይደለችም። ስልክ እንዳትለምድብኝ ብዬ መጫወቻዋን ራሴ እሠራለሁ። ካርቶን ቆርጬ ቤት፣ ቆርኪ በእንጨት ሰክቼ መኪና፣ ዱቄት በጨውና በዘይት አቡክቼ የፈለገችውን እንስሳ። ባለቤቴ በመጣ ቁጥር "ደሞ ዛሬ ምን ፈጠርሽ?" እያለ ይቀልድብኛል።

ያን ሰሞን የፈጠርኩት ከቅል ነበር። ከገበያ ትንሽ የደረቀ ቅል ገዛሁና አንገቱን በመጋዝ ቆረጥኩት፤ ፍሬውን አውጥቼ አጠብኩት፤ አፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ሐሳቤ ቀላል ነው። ውስጡ የሚበላ ነገር እጨምራለሁ፣ ሜላት እየነቀነቀች ገልብጣ ታወጣዋለች። የሚበላውም እዚህ አሶሳ የማይጠፋ ነገር ነው። ለውዝ ቆልቼ፣ እንዳያንቃት ዱቄት እስኪሆን ወቅጬ፣ በማር ለውሼ አድበለብለዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ሠመረ። አንዱ ድብልብል ሲወጣላት እየተንከተከተች ትበላዋለች፣ ሌላ ትጠይቃለች። እኔም የጨመርኩላትን ሁሉ የጨረሰች መስሎኝ ምሳ ልጥድ ኩሽና ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ቀኝ እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ቅሉ ውስጥ ገብቷል። ያዝ አድርጌ ሳብኩ፤ አልወጣም። ሳሙና አደረግኩበት፣ ዘይት አፈሰስኩበት፤ ወይ ፍንክች። በሳብኩ ቁጥር እሷ ትጮሃለች፣ እሷ ስትጮህ እኔ ይብስብኛል። አንጓዋ ቀላ፣ ከዚያ ያበጠ መሰለኝ። ደም አልደርስ ብሎት እጇ ቢቆረጥስ? ይህን ካሰብኩ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤታችን ጋሽ ይመር መጡ። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥተው፣ እዚሁ ወልደው ከብደው የቀሩ ሰው ናቸው። ቅሉን ዞር ዞር አድርገው አዩትና ሳቃቸውን ዋጡ።

"ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይሉ የለ? አብሽሪ ልጄ፣ አሁን አወጣልሻለሁ" አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሲመለሱ መዶሻ ይዘዋል።

"ጋሽ ይመር፣ ቢስቱስ?"

"ኧረ አልስትም። አንዲት ምት ናት።"

ቅሉ ወፍራም ነው፤ ቀስ ብለው ቢመቱት የሚሰበር አይደለም። ሜላት ትወራጫለች። ጋሽ ይመር ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ መዶሻውን ከፍ አድርገው አነሱ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ልጄን ከነቅሏ አፈፍ አድርጌ በቤት ጫማ ወደ መንገድ ወጣሁ። "ምሳው እሳት ላይ ነው፣ ይዩልኝ" ያልኳቸው ከአጥር ውጭ ሆኜ ነው።

የመጣውን ባጃጅ አስቁሜ ሆስፒታል አድርሰኝ አልኩት። ውስጡ አንዲት ሴት ዘንቢል ሙሉ ባሚያ ይዛ ወደ ገበያ ትሄዳለች። ሾፌሩ "እሷን ላድርስና ሆስፒታል እወስድሻለሁ" ሲለኝ ሴትዮዋ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አለችው። ወዲያው ባጃጁን አዞረው። ዘንቢሏን እግሯ ሥር አስገብታ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ልጅ ምን ሆነ?" አለችኝ፣ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛ።

የሜላትን እጅ አሳየኋት። ቅሉን አየችው፣ ከዚያ ትኩር ብላ እኔን አየችኝ።

"መዓሌሽ፣ መዓሌሽ" አለች እንደማባበል። "አንተ አታልቅስ። እናት ሲያለቅስ ልጅ ይፈራል።"

እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ፊቴን በነጠላዬ ጠረግኩ። ሴትዮዋ የሜላትን ጀርባ ከላይ ወደ ታች እያሻሸች በቋንቋዋ ታንጎራጉር ጀመር። ምን እንደምትል አላውቅም። የሜላት ጩኸት ወደ ሳግ ወረደ፣ ሳጉም እየራቀ ሄደ፣ ጭንቅላቷ ደረቴ ላይ ወደቀ። ዓይኗ ተከደነ።

ራሷን የሳተች መሰለኝ። "ሜላት! ሜላትዬ!" ብዬ ላነቃንቃት ስል ሴትዮዋ እጄን ያዘችኝ።

"ተው። ተኛ ነው። እንቅልፍ ነው።"

ባጃጁ አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለለ። ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ስል ቅሉ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ነው። የሜላት እጅ ጭኔ ላይ ተዘርግቷል። አንጓዋ ዙሪያ ቀይ መስመር አለ፤ ጣቶቿ ሁሉ ደህና ናቸው። መዳፏ ላይ ግን የተጨፈለቀ ለውዝ በማር ተለጥፏል።

ለካስ አንዱ ድብልብል በማሩ ምክንያት ቅሉ ሥር ተጣብቆ ቀርቷል። ገልብጣ አልወጣ ሲላት እጇን አስገብታ ጨበጠችው። የተጨበጠ እጅ ደግሞ በዚያ አፍ አይወጣም። እኔ በሳብኩ ቁጥር እሷ ጭብጧን ታጠብቃለች እንጂ አትለቅም። እንቅልፍ ነው ያስለቀቃት።

ሾፌሩ ዞሮ አይቶ ምን እንደሆነ ሲገባው ባጃጁን ዳር አስይዞ ሳቀ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካካሁ። ሜላት በእንቅልፍ ልቧ እጇን ነጠቀችኝና መዳፏን ላሰችው።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ሴትዮዋ። ቀጥላም ትከሻዬን መታ አድርጋ "አሁን አልቅስ" አለችኝ። እሺ አልኳት፤ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ለማንኛውም ብለን ሆስፒታል ደረስን። ያየቻት ነርስ ምንም እንዳልሆነች ነገረችኝ። ቤት ስመለስ ጋሽ ይመር መዶሻቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ምሳው አርሯል።

የዚያችን ሴት ስም አለመጠየቄ ይቆጨኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ባሚያ የሚሸጡትን አንድ በአንድ አያለሁ፤ እስካሁን አላገኘኋትም። ጨዋታውን ግን አልተውኩም፤ አሁን የምሠራው ሁሉ አፉ ሰፊ ነው።

ትናንት ሜላት አዲስ የተቀባውን ግድግዳ በከሰል ሞነጫጭራ ጠበቀችኝ። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ወደ እኔ የዘረጋቻቸውን ጥቋቁር ጣቶች ሳይ ተመስገን አልኩና ጨርቅ ፍለጋ ሄድኩ።