ሃምሳ ሊትር ለሰባት ሰው

ባለፈው ወር የቧንቧ ሠራተኛው የመታጠቢያ ቤታችንን ቦይለር ከግድግዳው ነቅሎ አያት ሰፈር ባለው ቤታችን ግቢ ውስጥ በጎኑ አጋደመውና ከሥሩ ያለውን ብሎን ሲፈታው፣ ከሆዱ ሻይ የመሰለ ውሃ እየተንደቀደቀ ወጣ፤ ከውሃው ኋላ የኖራ ፍርፋሪ፣ ከፍርፋሪው ኋላ ደግሞ አንድ ሽታ። የዛገ ብረት፣ የእንፋሎትና የድሮ ሳሙና ሽታ ነው ልል እችላለሁ፣ ግን አይደለም፤ የቅዳሜ ከሰዓት ሽታ ነበር። ሠራተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሄ ዕድሜውን ጨርሷል እትዬ፣ ሆዱ በዝገት ተበልቷል፤ አዲስ ይግዙ» ሲለኝ፣ እኔ ቦሌ በሚገኘው የልጅነት ቤታችን ኮሪደር ውስጥ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

ቦይለሩን የገዛው አባቴ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ከጎረቤታችን፣ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ገዝቶት፣ ከሌላ ጎረቤት ጋር ተሸክመውት ገቡ። በዚያን ጊዜ ቦሌ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም፤ ከአጥራችን ኋላ የጤፍ ማሳ ነበር፣ ከማሳው ማዶ አውሮፕላኖቹ ሲነሱ የመታጠቢያ ቤቷ ትንሽ መስኮት ትንቀጠቀጥ ነበር። ነጭና ድቡልቡል የሆነው ቦይለር ግድግዳው ላይ ሲሰቀል፣ ቀይዋ መብራት ስትበራ፣ እናቴ እልል አለች፣ እኛ አምስት ልጆች በቧንቧው ሥር ተሰልፈን አጨበጨብን። እስከዚያ ቀን ድረስ የምንታጠበው በጉልቻ ላይ በተጣደ ጣሳ ውሃ ስለነበር፣ ሙቅ ውሃ ከግድግዳ ሲወርድ ማየት ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ቦይለሩ የራሱ ሕግ ነበረው። ቅዳሜ ልክ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አባቴ የላስቲክ ጫማውን ያደርግና ከወጥ ቤት የእንጨት ማማሰያ ይዞ ይመጣል፤ ማብሪያውን በእጁ ነክቶት አያውቅም፣ በማማሰያው ጫፍ ነው ከሩቅ ሆኖ ጠቅ የሚያደርገው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በዚያው ማማሰያ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ውስጥ ሳለ ማብራት ክልክል ነው። «ኮረንቲ ዘመድ አያውቅም» ይለን ነበር፣ ጣቱን እያወዛወዘ። እናቴ እሑድ ጠዋት ማማሰያዋን ወጥ ቤት ስታጣው የት እንደምትፈልገው ታውቃለች።

የምንታጠበውም በተራ ነው፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ። መጀመሪያ ትንሹ ወንድሜ፣ ቀጥሎ እህቴ፣ ሦስተኛ እኔ፣ ከእኔ ኋላ ሁለቱ ታላላቆቼ፣ ከዚያ እናቴ፣ መጨረሻ አባቴ። ለምን መጨረሻ እንደሚታጠብ ጠይቄው ነበር፤ «እኔ ሙቅ ውሃ አልወድም፣ ራሴን ያመኛል፤ እስክታቀዘቅዙልኝ ነው የምጠብቀው» አለኝ። ይህንን ነገር ከልቤ አምኜ ተቀበልሁ። እንዲያውም እኔ ከሁሉም በላይ ውስጥ የምቆየው ለእሱ ብዬ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሳሙናውን ሁለት ጊዜ ተቀብቼ፣ ሙቁን ውሃ ጀርባዬ ላይ ለቅቄ እየዘፈንሁ፣ እናቴ በሩን በጡጫ እስክትደበድበው ድረስ አባቴን እጦረው ነበር።

የሳምንቱ ትልቁ ደስታ ግን አባቴ የሚገባበት ሰዓት ነው። እኛ ታጥበን፣ ቫዝሊን ተቀብተን፣ ፊታችን እያብረቀረቀ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈን በሰልፍ እንቀመጣለን። በሩ ይዘጋል። ውሃው ሲወርድ ይሰማል። ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል። «ኧረ አቃጠለኝ! ኧረ ቆዳዬ ተላጠ! እነዚህ ልጆች ውሃውን ሳይነኩት ነው እንዴ የወጡት? ኧረ የሰው ያለህ!» እኛ ወለሉ ላይ እየተንከባለልን እንስቃለን፤ ትንሹ ወንድሜ ስቆ ስቆ እንደገና መታጠብ የሚያስፈልገው ቀን ነበር። ያን ትልቅ ሰው፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ተነሥተው የሚቀበሉትን ሰው፣ ሙቅ ውሃ ሲያሸንፈው መስማት ለእኛ ከሲኒማ ይበልጥ ነበር። እናቴ ብቻ አትስቅም፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ፎጣ ታቀብለውና ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች።

አባቴ ከሞተ በኋላ ቤቱ ተሸጠ፤ ዛሬ በቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ዕቃ ስንከፋፈል አንዱ ቡፌውን፣ አንዷ የግድግዳ ሰዓቱን ወሰዱ፤ እኔ ቦይለሩን አልሁ። ሳቁብኝ። ግን ይኸው አያት አምጥቼ አሰቅየው፣ የውስጥ ማሞቂያው ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት፣ እስካለፈው ወር ድረስ እኔን፣ ባሌን፣ ልጄን ሶስናንና ሰማንያ ዓመት ያለፋትን እናቴን ሲያጥብ ኖረ። ተራውም፣ አጥፍቶ መታጠቡም አልተለወጠም። ሶስና ትቀድማለች፣ እናቴ መጨረሻ ትገባለች።

አዲሱን ለመምረጥ ቤታችን ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ባሌ ሻወሩ ላይ የሚገጠመው፣ ውሃው እያለፈ የሚሞቀው ይሻላል አለ፤ ቦታ አይዝም። ሶስና በመብራት መሄድና መምጣት ስለተማረረች ጣራ ላይ በፀሐይ የሚሠራው ይሁን አለች፤ ክረምቱን ምን እንደምናደርግ ስጠይቃት ግን ወደ አባቷ ዞረች። እናቴ «ለእኔ አትጨነቁ፣ እኔ ሙቅ አልወድም» አለችና ሳሏን ሳለች። ያ ሳል ከነሐሴ ጀምሮ አልለቀቃትም።

መገናኛ አካባቢ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» ነበር።

«አራት።»

«የድሮው ስንት ሊትር ነው?»

«ሃምሳ» አልኋት፤ አልፌም ሳትጠይቀኝ ኮራሁ። «እሱ እኮ ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ልጅ ሳለን ለሰባት ሰው በቅቶናል።»

መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «እየበራ ነው ወይስ አጥፍታችሁ?»

«አጥፍተን። አባቴ ኮረንቲ ይፈራ ነበር።»

«እህቴ፣» አለችኝ፣ «ሃምሳ ሊትር ከጠፋ በኋላ ቢቆጠብ ቢቆጠብ ለአራት ልጅ፣ ለትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ለሁለት ነው። አምስተኛው ለብ ያለ ያገኛል። ሰባተኛው በበረዶ ነው የታጠበው።» ከዚያ እንደ ቀልድ፣ መዝገቧን እየገለጠች፣ «ሰባተኛው ማን ነበር?» አለች።

የሽንት ቤት መቀመጫ የታሸገበት አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጥሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ ያላሰብሁትን ሂሳብ አንዲት የማላውቃት ሴት በአንድ አፍታ ሠራችልኝ። ያ ሁሉ «ኧረ አቃጠለኝ» ብርድ ነበር። ሐምሌንም ጭምር፣ ውርጩ ሣሩን የሚያነጣበትን ኅዳርንም ጭምር። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ሳሙናዬን ሁለት ጊዜ እቀባ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ሴትየዋ ደንግጣ የሚጠጣ ውሃ ሰጠችኝ፣ እኔም ጠጥቼ «ሰማንያ ሊትሩን አድርጊልኝ» አልኋት።

ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እማዬ፣ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚታጠብ ታውቂ ነበር?»

ቀና እንኳ አላለችም። «ፎጣ የማቀብለው እኔ አይደለሁ? እጁ እኮ በረዶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግራችሁ ትስቁ ነበር?» አለችና አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወደ ግቢው ወረወረች።

ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። በእኔ ቤት መጨረሻ የምትታጠበው ማን ናት? በየሳምንቱ ነጠላዋን ተከናንባ እየወጣች «እሰይ፣ እንዴት ሞቆ ጠበቀኝ» የምትለኝስ? እጇን ያዝሁት። እሷ ምስሩን እንዳልደፋባት ብቻ ነው የተቆጣችው።

አዲሱ ቦይለር ሐሙስ ተሰቀለ። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ እናቴን ቀድመሽ ትገቢያለሽ አልኋት። እንደ ልማዷ ሙቅ አልወድም አለች፣ ልጅቷ ትቅደም አለች፣ ጉልበቴን አለች፤ ሁሉንም ሰምቼ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣልሁ። «በይ መጀመሪያ አጥፊው፤ ኮረንቲ ዘመድ አያውቅም» ስትለኝ አጠፋሁት። ገባች፣ በሩን መለስሁና ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። ውሃው ሲወርድ ተሰማኝ።

«ኧረ አቃጠለኝ!»

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ የልጅነት ሳቄ ነበር፣ ሳላስበው ያመለጠኝ። ወዲያው ግን ሳቄን አቋረጥሁ፤ በእኛ ቤት ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። በሩን ከፍቼ ዘው ስል እንፋሎት ፊቴን ሸፈነው። እናቴ ግድግዳውን ይዛ፣ ትከሻዋ በርበሬ መስሎ ቆማለች።

«ምን ያስቅሻል? የምሬን ነው እኮ፣ ቀዝቃዛውን ክፈቺልኝ!»

ከፈትሁላት። አባቴ ይህን ቃል በየቅዳሜው ጮኾታል፤ አንድም ቀን ግን እውነት ሆኖለት አያውቅም።