አብረውህ የተሳፈሩትን ጻፍ

ክፍሏን መጀመሪያ ያየኋት ቀትር ላይ ነው። ቂርቆስ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ፣ አራት እርምጃ በሦስት፣ አሥራ አንድ ሰው። ነፋሱ ከቄራ ሲመጣ በትንሿ መስኮት የደም ሽታ ይገባል። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ በሩ ሥር ቦታ ሰጡኝ።

«በምን መጣህ?»

«በማመልከቻ።»

ክፍሉ ሳቀ። እውነቴን ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው።

ካዛንቺስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የታገዱ ገጾችን የምንከፍተው በቪፒኤን ነበር። የራስን አድራሻ ደብቆ በሌላ አድራሻ ኢንተርኔት ያስገባል፤ ያንን አድራሻ የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ይጋሩታል። አንድ ቀን ሳላጠፋው ተማሪዎቼን ለፈተና ልመዘግብ የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ከፈትኩ። «ይህ አድራሻ ታግዷል» አለኝ። ቪፒኤኑን ማጥፋት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስህተት ሳይታረም ሲያልፍ አልወድም። ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አድራሻው እንደ ሚኒባስ ነው፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ በአንድ ሰሌዳ ስንቱ ይሳፈራል፣ አንዱ ባጠፋ ሁሉም አይታገድም። ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር አሰጠሁበት። በአራተኛው ቀን ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ።

ከሰዓት መርማሪው ማመልከቻዬን ዘርግቶ ጠበቀኝ። አስምሮበታል።

«ቲቸር፣ ስታስረዳ ጎበዝ ነህ። በዚህ አድራሻ መንግሥትን የሚሰድብ ጽሑፍ ወጥቷል። ሚኒባስ ነው ብለሃል። በል፣ አብረውህ የተሳፈሩትን ጻፍ።»

«አላውቃቸውም። ነገሩ እኮ…»

«ከትምህርት ቤትህ ማለቴ ነው። ፕሮግራሙን የሰጠሃቸውን። እስከ ነገ ጠዋት።» ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ሁለት ነበሩ። አንዷ የባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ ገና የምታጠባ።

ካቦ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ባዶውን ብትመልስ ራሳቸው ይሞሉታል» አሉ። «ደግሞ ልጄ፣ ለእነሱ አታስረዳ። በቃህ።»

የማርክ ሊስት ስንዘጋ ከመጨረሻው ተማሪ ስም በታች ያለውን ባዶ ቦታ በሰያፍ መስመር እንሰርዘዋለን፤ ማንም ስም እንዳይጨምር። በተራ ቁጥር አንድ የራሴን ስም ጻፍኩ። በካቦ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ጠርዝ ከስሜ ሥር እስከ ወረቀቱ ግርጌ በሰያፍ አሰመርኩ። ፈረምኩ።

መርማሪው ጠዋት አየው። «ይሄ ምንድን ነው?»

መልሱን አውቅ ነበር። አልነገርኩትም። በጥፊ ሲመታኝም አልነገርኩትም።

ከሁለት ወር በኋላ ተለቀቅኩ። ተማሪዎቼን ሌላ አስተማሪ መዝግቧቸዋል፤ ቪፒኤኑን አጥፍቶ፣ ምናልባት በአምስት ደቂቃ።

ዓመታት አልፈው ዛሬም እዚያው አስተምራለሁ። የመምህራን ማረፊያ ስገባ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ሻይዋን ይዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ትሄዳለች። ከታሰረ ሰው ጋር መታየት አይበጅም፤ ልጇ ደግሞ አድጎ እኔው ክፍል ገብቷል። ጎበዝ ነው፣ ጥያቄ ያበዛል። እሷ ስለዚያ ወረቀት ምንም አታውቅም።

እስካሁን አላስረዳኋትም።