ለውሃ ልኩ የጻፍኳት መስመር

ዳንግላ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ በምጽፍበት ዘመን፣ በእጅ ጽሕፈቱ የሚኮራ ጎረምሳ ነበርኩ። ባላገሩ በደሉን በሁለት ቃል ሲነግረኝ እኔ በሁለት ገጽ አሳምሬ እጽፍለት ነበር። አንዳንዱ የጻፍኩለትን ሳነብለት የገዛ በደሉ እንግዳ ሆኖበት ያለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ይህን እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥሬ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያስፈራኛል።

አንድ ቀን የቆርቆሮና የምስማር ባለሱቁ አስጠራኝ። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አዲስ የግንበኛና የአናጢ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። ሣጥኑን ከፍቶ ከሰጋቱራው ውስጥ አንዱን አወጣና በእጄ አስያዘኝ። ክንድ የማይሞላ፣ የተላገ እንጨት ነው። መሃሉ ላይ ጣት የምታህል ብርጭቆ ተቀብራለች፤ በብርጭቆዋ ውስጥ አረንጓዴ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ አንዲት የአየር አረፋ አለች። ዛሬ ማንም ግንበኛ ውሃ ልክ ብሎ የሚያውቀው ነው። ግድግዳ ወይም አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጡት፣ ነገሩ ካጋደለ አረፋዋ ወደ አንዱ ጫፍ ትሸሻለች፤ ከተስተካከለ መሃል ላይ፣ በሁለት ጥቁር መስመሮች መካከል ትቆማለች።

እጄን አላንቀሳቀስኩም ብዬ እምላለሁ። አረፋዋ ግን ቀስ ብላ ተነሥታ ሄደች። እጄን ላስተካክል ስል ተመለሰችና መሃሉን አልፋ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች። 

"ነፍስ ያለው ይመስላል" አልኩት።

ባለሱቁ ሳቀ። "እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው። ከበሩ በላይ የምሰቅላት ሳንቃ አለች። ባላገሩ አንብቦም ይሁን አስነብቦ እንዲገዛኝ አንድ ነገር ጻፍባት።"

የመጀመሪያውን "ቤት ለምትሠሩ ሁሉ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እየተመኘሁ" ብዬ ጀመርኩት። ይሄ ደብዳቤ ነው ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛው የመሣሪያውን ጥቅም ከነማስረጃው ይዘረዝር ነበር። "ይሄ ደግሞ ክስ ነው። ሳንቃዋ እኮ ክንድ ተኩል ናት" አለኝ። ሦስት ቀን ተቸገርኩ። በመጨረሻ ውሃ ልኩን ቤቴ ወስጄ፣ አጎቴ በሠሩልኝ የመጻፊያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ በተነሣሁ በተቀመጥኩ ቁጥር የምታየኝ መሰለኝ። ወደ ግድግዳው ላዞራት ሞከርኩ፤ ግን በየትኛውም በኩል ባዞራት ያው ናት። ቃሉ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። በቀይ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል፣ "ዓይኑ አይዋሽም" ብዬ ጻፍኩ።

ባለሱቁ በጣም ወደዳት። በገበያ ቀን ሰዉ ከሳንቃዋ ሥር እየቆመ አንጋጦ ያያት ጀመር። እኔም ማመልከቻዬን ትቼ እዚያው አካባቢ እንጎራደድ ነበር፤ ሲጠይቁኝ ላነብላቸው። ካነበብኩላቸው አንዱ ከእንጅባራ ወዲያ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለችው የአጎቴ ደብር ጭቃ ሹም ነበር።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"ዓይኑ አይዋሽም ይላል።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ጭቃ ሹሙ ሳንቃዋን ደግሞ አየና፣ ምንም ሳይከራከር አንዱን ገዝቶ በጋቢው ሥር ሸሽጎ ሄደ። ቤት እየሠራ እንዳልነበረ ልብ አላልኩም።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝና ለቄስ ትምህርት ቤት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በአገውኛ ቁጥብ፣ በአማርኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ቁጥብ ሰው ነበሩ። አናጢነታቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አግዳሚውን ያዩና መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳርፉበታል፤ ከዚያ "ልክ ነው" ወይም "ይነሣ" ብቻ ነው የሚሉት። በዚያ ዓመት የደብሩ ቤተ ክርስቲያን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ክዳን ሊለወጥ ነበር። ሚስታቸው የተቀበሩት እዚያው ደጅ ነውና፣ ጣሪያውን በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ተስለው ነበር። "እሱን ከጨረስኩ መጥረቢያዬን እሰቅላለሁ" ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሌላ የሚመኙት ነገር አልነበራቸውም።

ቆርቆሮው መጥቶ ሳይቆጠር ዕቃ ቤት ተቆለፈበት። ሥራ ሊጀመር ሲከፈት ጎደለ ተባለ፤ ጭቃ ሹሙ ዳንግላ መጥቶ ውሃ ልኩን የገዛው በዚያው ሰሞን ነበር። ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ። ይህ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሌባው እስኪታወቅ የማይበተንበት ጉባኤ ነው። ያየ ሰው ካለ ስሙ ሳይገለጥ ይናገራል፤ እሱ ወፍ ይባላል። ቃል የሚጽፍ ሰው ስላስፈለገ እኔን ከዳንግላ አስመጡኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥን። ወፍ አልተገኘም።

በሦስተኛው ቀን ከሐይቁ ጉም ወጣ። ዘንገናን ዙሪያውን ገደልና ደን ስለከበበው ነፋስ አይደርስበትም፤ ውሃው እንደ ተከደነ ድስት ዝም ይላል። ጉሙ ገደሉን ወጥቶ ሜዳው ላይ ተኛ። ቀትር ሆኖ እንኳ አልተገለጠም። የተቀመጡት ሰዎች ከወገባቸው በታች አይታዩም ነበር። ሰዎቹ የመጡባቸው ፈረሶች መጋጥ ትተው ጆሯቸውን አቁመው ነበር። በዚህ መሃል ጭቃ ሹሙ ተነሣና ውሃ ልኩን ከጋቢው ሥር አወጣ።

"ይህ ነገር ዓይን አለው" አለ። "እንደማይዋሽም ተጽፎለታል። ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን ዘርጉ።"

ይህን ለመረዳት የድሮውን ሌባ ሻይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ በየደጁ ይዞራል፤ ዞሮ ዞሮ የቆመበት ደጅ ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ነገሩ በአዋጅ ከተከለከለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሜዳው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ግን በዓይናቸው አይተውታል። ሲዞር የነበረ ነገር አንድ ሰው ዘንድ መጥቶ ቀጥ ካለ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር።

ጭቃ ሹሙ ከራሱ ጀመረ። አረፋዋ ከመዳፉ ሸሸች። ከጎኑ ካለው ሰው ሸሸች፤ ከቀጣዩም ሸሸች። የማንም እጅ ጠረጴዛ አይደለምና መሸሿ አይደንቅም። እኔም በልቤ እየሳቅሁ፣ ዞሮ ዞሮ ምንም ሳይገኝ ይበተናል ብዬ አስብ ነበር። የሚሰማው የጭቃ ሹሙ እግር በእርጥቡ ሣር ላይ ሲራመድ ብቻ ነው። አጎቴ ዘንድ ደረሰ።

አጎቴ መዳፋቸውን የዘረጉት አግዳሚ ላይ እንደሚያሳርፉት አድርገው ነው። ሌላ አዘረጋግ አያውቁም። አረፋዋ ጥቂት ተርገበገበችና በሁለቱ መስመሮች መካከል ቆመች። ጭቃ ሹሙ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። አልተነቃነቀችም። አጎቴ ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ እኔ አውቀዋለሁ፤ የሠሩት በር ከመቃኑ ጋር ልክክ ብሎ ሲገጥም የሚያሳዩት ነው።

"ቆመ" አለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ።

ቃሉ በአገውኛም በአማርኛም ወደ ኋላ እየተቀባበለ ሄደ። የአጎቴ ፈገግታ ጠፋ። ከግራ ከቀኛቸው የተቀመጡት ሰዎች ልብሳቸውን ሰብስበው ራቅ አሉ። ጭቃ ሹሙ ውሃ ልኩን ከመዳፋቸው ሳያነሣ ወደ እኔ ዞረ።

"ጸሐፊው፣ ዓይኑ አይዋሽም ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ይዋሻል?"

የሚያስፈልገው ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበር። መሣሪያው የሚያውቀው ዘንበልና ቀጥ ያለን ብቻ ነው፤ የእኚህ ሰው እጅ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ እንጨት ሲያስተካክል የኖረ ነው። ይህን ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የታየችኝ ሳንቃዋ ናት። በገበያ መሃል አንጋጠው የሚያዩዋት ሰዎች ታዩኝ። የጻፍኩት ውሸት ነው ብል ነገ ማን ማመልከቻ ያስጽፈኛል አልኩ። ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። ያቺ አረፋ በጉሙ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማ ሳያት፣ ለአንድ አፍታ እኔም አመንኳት። ያሳደጉኝን ሰው ሌባ ይሆኑ ይሆን ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም ያንን አስተያየቴን አዩት።

"አይዋሽም" አልኩ። ቀጥዬም መዝገቡ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ የቤተ ክርስቲያኑን እንጨት እንዳይነኩ ተከለከሉ። ጣሪያውን ሌሎች አናጢዎች ሠሩት። ሰው ሰላምታ ነሣቸው። አንዱ እሳቸው የሠሩለትን በር ነቅሎ በረት ውስጥ ጣለው፤ ማታ ማታ በሩ የሚያየው ይመስለዋል ተባለ። እኔ ልጠይቃቸው ስሄድ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው አገኛቸዋለሁ። መዳፋቸው ላይ ምንም የለም። እሳቸው ግን መሃሉን ትኩር ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ ያደርጉታል። ሳናግራቸው ይመልሱልኛል፤ እጃቸውን ግን አያጥፉም።

ክረምቱ ሲወጣ ቆርቆሮውን ያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ተመልሶ መጣ። ቆርቆሮው አልተሰረቀም። መንገዱ ጭቃ ሲሆንበት መኪናውን ለማቅለል ጥቂቱን መንገድ ዳር ያለ ሰው ቤት አውርዶት ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ እናገራለሁ ብሎ ነው። ጭቃ ሹሙና ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው አጎቴ ደጅ ወደቁ። እሳቸውም "እግዜር ይማራችሁ" አሏቸው፤ ድንጋዩንም ከጫንቃቸው አወረዱላቸው። እነሱ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ።

"አያ፣ ይማሩኝ" አልኳቸው።

"አንተ ምን አደረግህ?"

"አይዋሽም አልኩ።"

"አልዋሸም እኮ። እጄ ልክ ነበረ።" አሉኝ። "ሲቆም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንተም ደስ ይልሃል ብዬ ቀና አልኩ። ከዚያ በኋላ የማየው እጅህን ነበር። ስትጽፍ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።"

 በተከታዩ ዐቢይ ጾም ሞቱ። ጣሪያውን ሳይነኩት፣ ከሚስታቸው አጠገብ ተቀበሩ።

ከተዝካራቸው በኋላ ሳንቃዋን ከባለሱቁ ለምኜ አስወረድኩና አንድ ውሃ ልክ ገዛሁ። እሳቸው በሠሩት ቤት ሁሉ እየዞርኩ ደፉ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። እሳቸው ውሃ ልክ የሚባል ነገር ሳያውቁ የሠሯቸው ናቸው። በሁሉም ላይ አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። ባለቤቶቹ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ ምን እንደማደርግ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ያ በሩን ነቅሎ የጣለው ሰውዬ ብቻ፣ ደጁ ላይ ሲያየኝ ገብቶ ዘጋብኝ።

አሁን እኔም አጎቴ የነበሩበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ይህን የምጽፈው በዚያው በሠሩልኝ ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሃ ልኩ በቀኜ ተቀምጧል፤ አረፋዋ መሃል ላይ ናት። ለመጻፍ ከመጀመሬ በፊት መዳፌ ላይ አድርጌ አያታለሁ። ዛሬ ጠዋትም አደረግሁት፤ ሸሸች።