በታኅሣሥ የገባ ክረምት

እኔ ስም በመሸምደድ የሚያህለኝ አልነበረም። ደሴ በመምህርነት ስሰለጥን የቅጠል ክፍሎችን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በቃሌ አወርዳቸው ነበር፤ ቅጠሉን እጄ ላይ አድርጎ «እስቲ እይው» ያለኝ ግን የለም። ካርቱምም የገባሁት ይህንኑ እውቀቴን ይዤ ነው። ጠዋት ጠዋት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ በኪራይ ግቢ ውስጥ ባለች የኛ ሰው ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። የመምህርነቱ ደመወዝ ከእጅ ወደ አፍ እንኳ ስለማይሆን ከሰዓት በኋላ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤት እሠራለሁ። በኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው።

አሮጊቷ ተራ አሮጊት አልነበሩም። በአገራቸው መጀመሪያ ዕፅዋትን ካጠኑት ሴቶች አንዷ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ዶክቶራ» ነው የሚላቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ሽበት የወረሳቸው ምሁራን፣ ዓርብ ዓርብ እየመጡ በረንዳቸው ላይ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ትልቅ ዛፍ ስሙን ጠየቅኋቸው። ምን አየሽበት አሉኝ። አረንጓዴ ነው፣ ጥሩ ጥላ አለው አልኩ። «ታኒ ሽኑ?» አሉ፤ ሌላስ ማለታቸው ነው። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው አልኩ። «ታኒ ሽኑ?» አሉ ደግመው። በገንኩ። የሚተኮስ ልብስ ተቆልሎ ይጠብቀኛል፣ እሳቸው ፈተና ላይ አስቀምጠውኛል። ግን እልህ ያዘኝና ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ዛፉን ማየት ጀመርኩ። ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉን አራግፎ ወዲያው አዲስ እንደሚለብስ፣ ቅጠሉን ቢያኝኩት እንደ ኮሶ እንደሚመር፣ ወፎቹ ፍሬውን በልተው ዘሩን አጥሩ ሥር እንደሚጥሉት፣ ከዚያም ችግኝ እንደሚበቅል ደረስኩበት። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ያን ጊዜ «ኒም ይባላል» አሉኝ።

«ስሙን ያኔውኑ ብነግርሽ ኖሮ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ዛፉን ሁለተኛ ዞር ብለሽ አታዪውም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ የማስተምረው እንደሳቸው ሆነ። ልጆቹን ከክፍል አስወጥቼ የመኪፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት ግድግዳ ሥር ለምን ሣር እንደበቀለ፣ ጉንዳኖቹ ለምን ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ይህን እንደመረጡ አስጠይቃቸዋለሁ። እኔ አልመልስም። ልጆቹ መጀመሪያ አበደች ብለው ነበር፤ በኋላ ደወሉ ሲደወል እንኳ አንገባም ይሉ ጀመር። ርዕሰ መምህራችን ግን ይህን አልወደዱትም። ጎንደሬ፣ ቁጡ፣ ግን ሐቀኛ ሰው ናቸው። ሜዳ ላይ ልጅ ይዞ መዞር እረኝነት እንጂ ትምህርት አይደለም ባይ ናቸው።

ነገሩ የፈነዳው ዓመቱ ሲጀመር በሰጠነው መለያ ፈተና ነው። ጥያቄው ክረምት ሲገባ የምናየውን ለውጥ ግለጹ የሚል ነበር። የመጽሐፉ መልስ ይታወቃል፦ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ይዘንባል፣ ምድሩ ይለመልማል። አንዲት እዚሁ ካርቱም የተወለደች ተማሪዬ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ክረምት የሚገባው በታኅሣሥ ነው፣ ሹራብ እንለብሳለን፣ ዝናብ የለም፣ ከንፈራችን ይሰነጠቃል፣ የሰሜኑ ነፋስ ጠዋት ጠዋት ይነፍሳል። እናቷ ክረምት ማለት ብርድ ነው ብላታለች፤ ልጅቱ ደግሞ በሕይወቷ የምታውቀው ብርድ ሺታ የሚሉትን የካርቱምን ደረቅ የብርድ ወቅት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቷን በቀይ ሰርዘው ዜሮ ሰጧት።

ቢሯቸው ጠርተውኝ ልጆቹ የወቅት ስም እንኳ ሳያውቁ እኔ ጉንዳን አስከትላቸዋለሁ አሉ። ልጅቱ ያየችው ሁሉ እውነት ነው፣ የተሳሳተችው ስሙን ብቻ ነው አልኳቸው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚታረመው አገር ቤት ነው፣ አዲስ አበባ ያለ አራሚ የካርቱምን ብርድ አያውቅላትም አሉ። እሱስ እውነታቸውን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ሊያዩኝ፣ ካልጣማቸው ሳይንሱን ለሌላ መምህር ሊሰጡት ወሰኑ። ያ ክፍል ከተወሰደብኝ ካርቱም ውስጥ የሚቀረኝ መጥረጊያና ካውያ ብቻ ነው። ዶክቶራን አላማከርኳቸውም፤ የሚመልሱልኝ ያው «ታኒ ሽኑ?» እንደሆነ አውቃለሁ።

መስከረም ስለነበር ዓባይ ሞልቶ ደፍርሷል። በጠዋት ከወንዙ ዳር በጀሪካን ውሃ ቀዳሁና ሐፍላ፣ የከተማውን አውቶቡስ፣ ተሳፈርኩ። ገንዘብ ተቀባዩ ቧንቧ እያለ ይህን ጭቃ ምን ልታደርጊው ነው ብሎ አላገጠብኝ። ክፍል ገብቼ በትልልቅ ብርጭቆዎች ቀዳሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ርዕሰ መምህሩ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ምን ታያላችሁ አልኩ። ሻይ በለበን፣ ሻይ በወተት ነው አለ አንዱ፣ ክፍሉ ሳቀ። ታኒ ሽኑ? አልኩ። ቀላ ያለ ነው፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ አለ፣ ሥር የመሰለ ክር አለ አሉ ተራ በተራ። አሁንም ታኒ ሽኑ? አልኩ። ርዕሰ መምህሩ መልሱን መንገር አምሯቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሰማለሁ። ብርጭቆዎቹን እንዳሉ ትተን ለእረፍት ወጣን።

ስንመለስ ከሥር ሻካራው፣ ከላዩ ልሙ ጭቃ ተደራርቦ ተኝቷል። አፈሩ ከየት መጣ አልኩ። ከኛ ሰፈር መንገድ ታጥቦ ነው አለ አንዱ። ያቺ ዜሮ ያገኘችው ልጅ ግን እዚህ መች ዘነበና አለች። እሷ የምታውቀው አንድ ሁለት ቀን ካፊያ ነው፤ ዓባይ ግን ድልድዩ ሥር ድረስ ሞልቷል። እንግዲህ የዘነበው ሌላ ቦታ ነው፣ ውሃው ከሚመጣበት ከሐበሻ አገር ነው እያለች በጣቷ አየሩ ላይ መንገዱን ሠራች። ድንገት ወደኔ ዞረች።

«ሚስ፣ እዚያ እንዲህ የሚዘንብበት ጊዜ ስሙ ማነው?»

«ክረምት» አልኳት። ቃሉን ወረቀት ላይ ሳይሆን ብርጭቆው ውስጥ አየችው።

ርዕሰ መምህሩ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። «ዓባይ ማደሪያ የለው» ብለው ጀመሩና ልጆቹ «ግንድ ይዞ ይዞራል» እንዲሉ ጠበቁ። ልጅቱ ግን ከልቧ ግራ ተጋብታ ብርጭቆውን አየች፤ ግንድ የለም፣ አፈር ነው የያዘው አለቻቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጣታቸውን ነክረው ጭቃውን በአውራ ጣታቸው አሹት። ያባታቸው ማሳ ገደል አፋፍ ላይ እንደነበር፣ በየዓመቱ በጎርፍ ከዳሩ እየተቆረሰ ይሄድ እንደነበር፣ አፈሩ ወዴት ይሄዳል ብለው ግን ጠይቀው እንደማያውቁ ቀስ ብለው ነገሩን።

«እና ይሄ ሁሉ እዚህ ከመጣ» አለች ልጅቱ «እዚያ ላሉት ምን ይቀራቸዋል?»

ርዕሰ መምህሩ እንድመልስላቸው ወደኔ አዩ። ብርጭቆውን ወደሳቸው ገፋ አደረግሁላቸው።

«አላውቅም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በቀስታ ወደኔ ዞሩ፦ «መምህርት፣ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜሽ መቼ ነው?»

ሐሙስ ነው አልኳቸው። ከኋላ የነበረውን ወንበራቸውን ራሳቸው አንሥተው ፊት፣ ከልጆቹ መካከል አስቀመጡት።