ጨለማ አጣቢው

ሲላስ ዲላ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። በሰርግ መሀል መብራት ሲጠፋ ሁሉም በስልኩ ብርሃን ይቀርጻል፤ ስለዚህ የሲላስ ግማሽ ሥራው ጨለማ ማጠብ ነው። በጨለማ የተቀረጸ ምስል መቼም ጥርት አይልም፤ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይወርረዋል። ባለሙያዎቹ ኖይዝ ይሉታል። የሲላስ ደንበኞች ግን፣ «ጉንዳኑን አጥፋልን» ነው የሚሉት።

ቤቴል ከቡሌ የመጣችው ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ፣ ስልኳን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር። በስልኩ ውስጥ አባቷ አሉ። በሰርጓ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ አንዱ ሚዜ በያዘው ስልክ ብርሃን ሙሽሮቹን ሲመርቁ ይታያሉ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ሲንቀሳቀሱ፣ ሲናገሩ የሚያሳይ ሌላ ነገር ቤተሰቡ የለውም።

«እሑድ መታሰቢያው ነው። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፤ በዚህ ሁሉ ጉንዳን መሀል አባባን ለይታ አታየውም» አለችው።

«ፊታቸውን እንደ ቀን አወጣልሻለሁ።»

ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ። ስልኳ ሞልቶ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገራት፣ «አጥፊው፤ እኔ ጋ አለልሽ» አላት። አጠፋችው።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ተከታታይ ምስሎችን እያስተያየ ነው። ከምስል ምስል የጸናውን ያስቀራል፤ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የጠፋውን ይጠርጋል። ሲላስ ጥርጊያውን አጠበቀው፤ አሁንም አጠበቀው። ጉንዳኑ ተነነ። ከጨለማው ውስጥ የሽማግሌው ግንባር፣ ሽበታቸው፣ የለበሱት ቡሉኮ ጠርዝ ሲወጣ የራሱን ሥራ አይቶ ተደመመ። ከዚያ እንደ ልማዱ ያልታጠበውን ሰረዘ። ዲስኩ በሰርግ ተጨናንቆ ነበርና ወዲያው ከወርቃ ከተማ የመጣ ሌላ ሰርግ ጫነበት።

ቤቴል ተመልሳ መጥታ ስታየው መጀመሪያ ሳቀች።

«ፊቴን ምን አድርገኸው ነው? ባሌ ሌላ ሚስት ያገባ ይመስለዋል!»

ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እስቲ መልሰው። አባባ የማሩን ውሃ ከተጎነጨ በኋላ ያለውን።»

መለሰው። የሽማግሌው ጉንጭ ሞላ፤ ከንፈራቸው ተከፈተ፤ «እንትፍ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከአፋቸው ግን ምንም አልወጣም።

«ምርቃቱስ?»

«እየመረቁ እኮ ነው፤ ውለዱ፣ ክበዱ ሲሉ አትሰሚም?»

«ቃሉን አይደለም። እንትፍ ሲልብን የወጣውን ጠብታ! እኛ ጋ ምርቃቱ እሱ ነው። ብርሃኑ ላይ ሲበተን ያብረቀርቅ ነበር። እዚህ ነው ያረፈብኝ» አለች፣ ጉንጯን ይዛ።

ሲላስ የዲላ ልጅ ነው፤ የወንጌላዊ ልጅ። እጅ ጭኖበት እንጂ እንትፍ ብሎበት የመረቀው ሰው የለም። ጠብታው ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ ለፕሮግራሙም፣ ለእሱም ከጉንዳኑ አንዱ ነበር።

«በቃ፣ የድሮውን ስጠኝ።»

እጁን ከመዳፊቱ ላይ አነሳ።

«ሲላስ!»

«ሰርዤዋለሁ።»

አልጮኸችም። «አጥፊው ያልከኝ አንተ ነህ» አለች ብቻ። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

የተሰረዘ የሚፈልግ ፕሮግራም ከፍቶ ዲስኩን ያስበረብረው ጀመር። ውጭ ባጃጆች ይጣራሉ፤ ቤቴል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን ትከታተላለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ስባሪ ተገኘ። የተቀረውን በላዩ የተጫነው የወርቃው ሰርግ በልቶታል። በስባሪው ላይ ፊት የለም፤ የሽማግሌው አገጭ፣ የስልኩ ብርሃን፣ በመሀላቸው የሚርመሰመስ ጨለማ።

ቤቴል ጣቷን ወደ ስክሪኑ ሰደደች። «ይቺ! ይቺ የአባባ ናት። ያቺም።»

ሲላስ ምስሉን አቁሞ ዓይኑን አጠበበ። ከሌላው ነጠብጣብ ምንም አልተለየችለትም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ አየች።

«አይደለሁም» አለች። «ስለዚህ አንዷንም እንዳትነካብኝ።»

የታጠበውን ፊት አስቀድሞ፣ ስባሪውን ከነጉንዳኑ አስከትሎ ገለበጠላት። ስልኳን በነጠላዋ መልሳ ጠቀለለች።