የባሕር ጃርትና የነገሌ ሰላምታ

ነገሌ ቦረና ባሕር የለም። ቢኖርም አቧራው ይደፍነው ነበር። በዚያ ዘመን ግን ጠዋት ጠዋት፣ ቀዩ አቧራ ገና ሳይነሳ፣ ከባሕር ሥር የምራመድ ይመስለኝ ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት መጽሐፍ ስለ ባሕር ጃርት ያወራል። ክብ፣ እሾሃም ፍጥረት ነው። ዲኤንኤው ውስጥ ራሳቸውን እየደገሙ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ቁርጥራጮች አሉ፤ ያው አንዱ ቁራጭ እዚህም እዚያም ተሰክቶ ይገኛል። ለምን እንደሚደጋገም መጽሐፉም በውል አያውቅም።

«እንደ እናንተ አገር ሰላምታ ነው» አልኳቸው ተማሪዎቼን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ውሸቴን አይደለም። ጎረቤቴ ባለሱቋ እማማ ሳልፍ ይይዙኛል። «ናጋ ቡልቴ? ቤቱ ናጋ? ልጅሽ ናጋ? ዝናቡ ናጋ? ያ የሄደውስ፣ ናጋ?» ሰላም ማደሬ፣ ከዚያም ሁሉም ነገር ሰላም መሆኑ ተራ በተራ ይጠየቃል። የሄደው ባሌ ነው፤ ከነገሌው ጦር ሰፈር ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

«ናጋ፣ ናጋ፤ ኧረ እማማ፣ ዝናቡን እኔ ምን አውቄለት! ደወል ሊደወልብኝ ነው!» እላለሁ። የሄደው ላይ ስንደርስ ግን ደወሉንም እረሳለሁ። «ናጋ» ባልኩ ቁጥር እውነት የሚሆንልኝ ይመስለኝ ነበር።

አንዴ ላማቸው መሞቷን እያወቅኩ፣ በልማድ «ላሚቱስ ናጋ?» ብያቸው አረፍኩ።

«አንቺ አስተማሪ!» ብለው ተቆጡ። «የሞተ ናጋ ነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ያለ ነው የሚጠየቀው!» አፈርኩ። ወዲያው ግን ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ነፋሱ ለስለስ ብሎ፣ ግመሎች ወደ ገበያ ሲያዘግሙ፣ እኔም እንደ ልማዴ ከባሕሬ ሥር እየዋኘሁ እማማ ደጃፍ ደረስኩ። ወታደሮቹ ሲጋራ የሚገዙት ከእሳቸው ስለሆነ፣ የጦር ሰፈሩ ወሬ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ሱቅ ነው። እጄን ያዙና ጀመሩ። ቤቱ ናጋ፣ ልጅሽ ናጋ። ዝናቡን ጠየቁና እዚያ ላይ አቆሙ።

ጠበቅኩ። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ አሁንም ጠበቅኩ።

«እማማ፣ አንድ ረሱ እኮ» አልኳቸው።

እጄን አልለቀቁም።

«አልረሳሁም፣ ልጄ» አሉኝ።